የፍሳሽ ዝቃጭን በፀሐይ ስለ ማድረቅ፦ በስያሜዎች ላይ የቀረበ ትችት

ፍሳሽ ቆሻሻ ሲጣራ ከገንዳው ሥር የሚረጋውን ወፍራም ነገር በፀሐይ ኀይል ማድረቅ በብዙ አገሮች የተለመደ ዘዴ ነው። በአዲስ አበባም ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚመጠጠው በቃሊቲና በኮተቤ ለፀሐይ እየተሰጣ ሲደርቅ ቆይቷል። ሥራው እንዲህ ሲታወቅ ስያሜው ግን ገና አልረጋም። ጉዳዩ የቋንቋ ውበት ብቻ አይደለም፤ ገበሬው ነገሩን በእጁ የሚነካው በሰማው ስም ተማምኖ ነውና።

በመጀመሪያ የነገሩን ስም እንመልከት። «አተላ» ከጠላ ሥር የሚቀርና ለከብት የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ለዚህ ቢውል ቆሻሻውን መኖ ያስመስለዋል። «ደለል» ደግሞ ጎርፍ ጠርጎ የሚያመጣው አፈር ነው፤ ልምላሜን ያሳስባል እንጂ ጥንቃቄን አያስተምርም። «ዝቃጭ» ግን «ዘቀጠ» ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ፣ ወደ ታች መርጋቱን ከመግለጽ በቀር ስለ ጥቅሙ የሚሰጠው ተስፋ የለም። ለስድብ መዋሉን አንዘነጋም፤ ሆኖም «የፍሳሽ ዝቃጭ» ሲባል ብዥታው ስለሚወገድ ይህንኑ እንደግፋለን።

ሁለተኛው «ማድረቂያ አልጋ» የሚለው ነው። ይህ የባዕድ ቃል ግልባጭ እንጂ አማርኛ አይደለም። እህልም ሆነ ልብስ ለፀሐይ ሲዘረጋ «ተሰጣ» ስለምንል፣ «ማስጫ» የሚለው ቃል በእጃችን አለ። ግሱ ለልብስም የሚያገለግል በመሆኑ፣ እንደ «አተላ» ምግብን ብቻ አያስታውስም። በክፍት ማስጫ ላይ የዝቃጩ ውሃ ከፊሉ በአሸዋውና በጠጠሩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከፊሉም ይተናል። ብርሃን አሳላፊ ጣራ ባለው ቤት ውስጥ ሲሆን ዝቃጩ እየተገላበጠ በፀሐይ ይሞቃል፤ ርጥቡ አየርም ወደ ውጭ ይወጣል። የመጀመሪያውን «ክፍት ማስጫ»፣ ሁለተኛውን «ባለጣራ ማስጫ» ማለት ይበቃል።

ከሁሉ የከፋው ግን «ደረቅ» የሚለው ቅጽል ነው። በአንድ በኩል «ደረቅ ቆሻሻ» ከየቤቱ ለሚጣለው ጥራጊ የተያዘ ስያሜ ነው። በሌላ በኩል ቃሉ መጠንን አይለይም። ከመቶው 20 እጁ ጠጣር የሆነ 100 ኪሎ ዝቃጭ፣ ጠጣሩ 80 ከመቶ እስኪሆን ቢደርቅ ክብደቱ 25 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ውሃው በመጭመቅ ብቻ የወጣለትን «የተጠነፈፈ»፣ ይህን ግን «የደረቀ» ብለን ብንለይ ይሻላል።

ዋናው ነገር ግን የደረቀ ሁሉ የጸዳ አለመሆኑ ነው። የወስፋት እንቁላል ድርቀትን ችሎ ብዙ ጊዜ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአሜሪካ ደንብም ይህን ይለያል። በማስጫ ላይ ቢያንስ ሦስት ወር የቆየውን፣ የበሽታ ተሕዋስያኑ እንደ ቀነሱ ብቻ ይቆጥረዋል፤ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ርጥበቱ ከ10 ከመቶ ሳይበልጥ የደረቀውን ግን ከፍ ባለው ደረጃ ይመድበዋል።

ስለዚህ «ማዳበሪያ» የሚለው ስም ንጽሕናው በምርመራ ለተረጋገጠው ብቻ እንዲቆይ እናሳስባለን። ከምርመራው አስቀድሞ የሚሰጥ መልካም ስም ገበሬውን ያሳስታል፤ ስሕተቱም ከመዝገበ ቃላት ገጽ አልፎ ወደ ጎመን መደቡ ይደርሳል።