ስለ ሰርጓጅ መርከብ የተጻፈ መጽሐፍና የእኛ ፉከራ

ስለ ጦርነት የተጻፈ መጽሐፍ ሲመዘን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው የጀግናው ገድል እንዴት ተተረከ የሚለው ነው። እኛ ግን የወደቀው ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ምን ስፍራ አገኘ ብለን መጠየቅን እንመርጣለን። ለዚህም ጀርመናዊው ማርቲን ኒሜለር እ.ኤ.አ. በ1934 ያሳተመውን፣ «ከሰርጓጅ መርከብ ወደ ስብከት አትሮንስ» የተባለውን የሕይወት ታሪክ እንመለከታለን።

አንባቢ ነገሩን ይረዳው ዘንድ ስለ መሣሪያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሰርጓጅ መርከብ ጋኖቹን በባሕር ውሃ ሞልቶ ይጠልቃል፤ ውሃውን በታመቀ አየር አስወጥቶ ይነሣል። ከባሕር በታች ሲሆን በባትሪ ኀይል ይሄዳል፤ አዛዡም ዒላማውን የሚያየው በፔሪስኮፕ መስታወት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 «ዩ 9» የተባለው ሰርጓጅ በአንድ ማለዳ ሦስት የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን አስጥሞ ከ1,400 በላይ ሰዎችን ገደለ። በአንጻሩም ጀርመን በዚያ ጦርነት 5,000 ያህል የሰርጓጅ መርከበኞቿን አጥታለች።

ኒሜለር በ«ዩ 39» ላይ መኮንን ነበር። በመጽሐፉ አብዛኛው ክፍል የሰጠሙት መርከቦች በአዳኝ ኩራት ይቈጠራሉ፤ በውስጣቸው የነበሩት ሰዎች ግን አይታዩም። ይህን የመጽሐፉ ታላቅ ጉድለት እንለዋለን። ነገር ግን ጥር 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የፈረንሳይ ወታደሮችን የጫነች መርከብ በቶርፔዶ ከተመታች በኋላ ሌላ ነገር እናነባለን። በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉትን ወታደሮች ጠላት እንዳያድናቸው ማሰናከል ተገቢ ነውን? መኮንኖቹ በዚህ ነገር ተከራከሩ፤ ጸሐፊውም ያችን ዕለት የሕይወቱ መለወጫ አድርጎ ጽፏታል። ሆኖም ጥያቄውን ወደ ፍጻሜው አላደረሰውም፤ መጽሐፉ የሚደመደመው የ1933ቱን አዲስ መንግሥት በተስፋ በመቀበል ነው። ያው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 አሰረው፤ እስከ 1945ም አልተፈታም። በኋላ የሰላም ተሟጋች የሆነው ኒሜለር ከመጽሐፉ ጸሐፊ የበለጠ አስተዋይ እንደ ነበረ እንመሰክራለን።

ባሕር ለማያዋስናት ለከሚሴ ይህ ምንድን ነው የሚል ቢኖር፣ ከዚያች ዕለት ልክ ሦስት ወር አስቀድሞ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የንጉሥ ሚካኤል የወሎ ጦር በሰገሌ ድል መሆኑን ያስታውስ። በሁለቱም ወገን የወደቀው የአንድ አገር ልጅ ነበር። በአካባቢያችን በአማርኛ ፉከራ፣ በኦሮምኛም ጌራርሳ የጀግና ስም ይነሣል። ገዳይ ይወደሳል፤ የሟች እናት ግን በፉከራ ውስጥ ድምፅ የላትም። ድምፅዋ ያለው በሙሾ ነው።

ስለዚህ የአገራችንን ቃላዊ ሥነ ጽሑፍ የሚሰበስቡ መምህራንና ተማሪዎች ፉከራውን ብቻ ጽፈው ሙሾውን ቢተዉት፣ በኒሜለር መጽሐፍ ላይ የነቀፍነውን ጉድለት በራሳችን ላይ እንደግመዋለን። ሽማግሌዎቹን ስለ ጀግኖቹ ስንጠይቅ፣ አሮጊቶቹን ደግሞ ስለ ሟቾቹ እንጠይቅ፤ የሁለቱም ቃል በአንድ መዝገብ ይጻፍ።