ታንኳ በጉልበት ብቻ አይሄድም

ባሕር ዳር ውስጥ ለሚታይ የሳይንስ አውደ ርዕይ የታንኳ እሽቅድምድም ጨዋታ ስሠራ አስቀድሜ የቆረጥኩት ስክሪን እንዳይኖረው ነው። ሰው በክንዱ የቀዘፈው ነገር ፊት ለፊቱ ሲሄድ ማየት አለበት። ስለዚህ ከደንገል የተሠሩ ሁለት ትንንሽ ታንኳዎች በረጅም ጠረጴዛ ላይ ይሮጣሉ፤ እያንዳንዳቸውን በሲባጎ የሚስበው አንድ ሞተር ነው።

ከባዱ ጥያቄ የትኛው ቀዘፋ ይሸለም የሚለው ነው። ኮናሚ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ትራክ ኤንድ ፊልድ» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ የሚያስሮጠው ቁልፉን ቶሎ ቶሎ የመታውን ነው። ያንን ሕግ ሕዝብ በሚበዛበት አዳራሽ ብናመጣው ጎረምሳው ሁሌ ያሸንፋል፤ የስምንት ዓመቷ ልጅ አንዴ ሞክራ ትሄዳለች። ይህን አልፈልግም።

መልሱን ያገኘሁት ከሐይቁ ነው። ጣና ላይ በነገደ ወይጦ ባለሙያዎች የተሠራች ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ቀርከሃውን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ያስገባል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከቀዘፈማ አፍንጫዋ ይዞራል። በጨዋታውም መቅዘፊያው ጫፍ ላይ ማግኔት አለ፣ በግራና በቀኝ ከጣውላው ሥር ደግሞ ሴንሰር። ሴንሰሩን አንብቦ ሞተሩን የሚያዘው ትንሽ ሰሌዳ፣ አርዱዪኖው፣ ወገን እየቀያየረ፣ የጊዜ ልዩነቱን እኩል ጠብቆ ለሚቀዝፍ ብዙ ይሰጣል፤ ለተጣደፈ ትንሽ። ልጅቷ ምቷን ከያዘች አባቷን ትቀድማለች።

አንድ ነገር ግን ድርድር የለውም፦ እጅ ሲንቀሳቀስ ታንኳዋ እዚያው ፈቀቅ ማለት አለባት፣ ጥቂትም ቢሆን። ከዘገየች ተጫዋቹ ቀድሞ የተሞላ አሻንጉሊት የሚያይ ይመስለዋል፣ ክንዱም ይዝላል። ቀዘፋው ሲቆምም እንደ ውኃ ላይ ጥቂት ተንሳፍፋ ነው የምትቆመው።

መጨረሻው መስመር ሌላ ጣጣ ነው። በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር፤ በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ እንኳ አንደኛና ሁለተኛው የተለያዩት በ0.12 ነው። እንዲህ ያለውን ዓይን አይዳኘውም። ስለዚህ መጀመሪያ የደረሰችው ታንኳ የራሷን አምፖል ታበራለች፣ የሌላዋንም አምፖል የኤሌክትሪክ መስመር ትቆርጣለች።

የተሸነፈ ሁሉ «ቦታ እንቀያየር» ይላል፤ መብቱም ነው። ሲባጎ ይለጠጣል፣ ደንገል እርጥበት ሲጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ በሩ ከመከፈቱ በፊት ሁለቱን ታንኳዎች ያለ ተጫዋች አስሮጣቸዋለሁ፤ እኩል ካልገቡ ሰልፉ ይጠብቃል።