ጭድ የሌለው ጭቃ

የመርካቶው ጭድ ተራ ስሙን ያገኘው ከጭድ ነው። አዲስ አበባ በእንጨትና በጭቃ በምትሠራበት ዘመን ቤቱን የሚያስመርግ ሁሉ ጭድ ይፈልግ ነበር። አሁን ዘመኑ የብሎኬትና የመስታወት ሆኗል፤ ስሙ ግን አልጠፋም።

የጭቃ ቤት ያስመረገ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። አፈሩን በውኃ ለውሶ በዚያው ቀን ቢለጥፈው ለጊዜው ያምራል። ፀሐይ ሲያየው ግን ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጭድ ይገባበታል፤ በእግር ይረገጣል፤ ለቀናት ይቦካል፤ እንደገና ይረገጣል። ምርጊቱ ካለቀ በኋላ ጭዱን ልብ የሚለው የለም። ግድግዳውን አጣብቆ የያዘው ግን እሱ ነው።

ይህን ማንሣቴ ስለ ቤት ለማውራት አይደለም። ስለ ብሔራዊ ቡድናችን የወዳጅነት ጨዋታዎች ነው።

ዋልያዎቹ በተሸነፉ ማግስት ጭድ ተራ ብቅ ብትሉ ክርክሩ ጦፎ ታገኙታላችሁ። ባለሱቁም፣ ደላላውም፣ ተሸካሚውም አሰልጣኝ ነው። አንዱ "እገሌ መግባት ነበረበት" ይላል። ሌላው ዳኛውን ይረግማል። ሦስተኛው "እኛ እኮ ዕድል የለንም" ብሎ ነገሩን ወደ ሰማይ ይመራዋል። እስካሁን ሲነሣ ያልሰማሁት ጥያቄ ግን አለ፤ "ለመሆኑ ከዚህ ጨዋታ በፊት ከማን ጋር ተጫወቱ? ያንን ተጋጣሚ ማን መረጠው? መቼ? ለምንስ?" የሚል። ይህን የሚጠይቅ የለም፤ የወዳጅነት ጨዋታ "አይቆጠርማ!" የማይቆጠር ነገር ደግሞ እኛ ዘንድ እንደሌለ ነው።

የወዳጅነት ጨዋታ ማለት፣ በእኔ ቋንቋ፣ በርካሽ የሚገዛ ሽንፈት ነው። ነጥብ ሳይጠፋ ጉድለት የሚታይበት፣ አዲሱ ተከላካይ የሚሞከርበት፣ "አንድ ለዜሮ እየመራን ሃያ ደቂቃ ሲቀር ምን እናደርጋለን?" የሚለው የሚለመድበት ነው። የጭድ ተራ ነጋዴ ይህን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። ከማያውቀው አምራች ዕቃ ሲወስድ መጀመሪያ ጥቂት አስመጥቶ ይሞክራል። ብልሽት ከሆነ የሚከስረው ጥቂት ነው። ሳይሞክር ካሚዮን ሙሉ ያስጫነ ሰው ግን ጉዱን የሚያየው ዕቃው ከተራገፈ በኋላ ነው።

ታዲያ እኛ ብሔራዊ ቡድናችንን የምናዘጋጀው እንደ ነጋዴው ነው? አይ! እኛን የሚገልጸን "ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" የሚለው ተረት ነው። ማጣሪያው ሲቃረብ ተጫዋች ይጠራል፤ ሆቴል ይገባል፤ ከዚያ ተጋጣሚ ፍለጋ ይጀመራል። በዚያ ሰዓት ባዶ የሆነ ቡድን ከተገኘ ተመስገን ነው። ጠንካራ ይሁን ደካማ፣ አጨዋወቱ በማጣሪያው ከሚገጥመን ቡድን ጋር ይመሳሰል አይመሳሰል ጊዜ ሰጥቶ የሚያመዛዝን የለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

"ጊዜ አጥሮን ነው" እንዳይባል ደግሞ የዚህን ያህል ቀድሞ የሚታወቅ ነገር የለም። ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን ለብሔራዊ ቡድን የሚለቁባቸውን ቀናት የሚወስነው ፊፋ ነው። እስከ 2030 ድረስ ያለውን የወንዶች የጊዜ ሰሌዳ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ነው። ለረጅም ጊዜ ቀናቱ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበር፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር ነበሩ፤ ከ2026 ጀምሮ የሴፕቴምበሩና የኦክቶበሩ ተዋሕደው እስከ አራት ጨዋታ የሚይዝ አንድ ሰፊ ጊዜ ሆነዋል። ይህ ሁሉ ታትሞ የወጣ ነገር ነው። የመርካቶ ነጋዴ የመስከረምን ደብተር በመስከረም አያስገባም፤ ክረምቱ ሳይጠና መጋዘኑ ይገባል። መስከረም እንደሚጠባ ያውቃላ!

በዚያ ላይ እኛ ብዙዎች የሌላቸው ዕድል አለን። አብዛኛው የዋልያዎቹ ተጫዋች የሚገኘው እዚሁ አገር ውስጥ ባሉ ክለቦች ነው። ሌላው አገር አሥራ አንዱን ሰው ለመሰብሰብ የአውሮፓን ክለቦች ደጅ ይጠናል። እኛ ሊጉ በሚያርፍበት ጊዜ ሁሉ ቡድን መሰብሰብ እንችላለን። ያጣነው ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ነው።

ሌላው ችግራችን ሽንፈት መፍራታችን ነው። የወዳጅነት ጨዋታ ተሸንፎ የመጣ አሰልጣኝ ዱላ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ደካማ ተጋጣሚ ቢገኝ ሁሉም ደስ ይለዋል። እስቲ ሂሳቡን እንየው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2018 ጀምሮ በሚሠራበት የደረጃ ቀመር እያንዳንዱ ጨዋታ ክብደት አለው። ከፊፋ ቀናት ውጭ የሚደረግ የወዳጅነት ጨዋታ 5፣ በፊፋ ቀናት የሚደረግ 10፣ የዓለም ዋንጫና የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ደግሞ 25 ነው። ከክለብ ጋር የሚደረገው ጨርሶ አይገባም። የሚጨመረውና የሚቀነሰው ነጥብ እንደ ተጋጣሚው ጥንካሬም ይለያያል። በጣም የሚበልጣችሁ ቡድን ቢያሸንፋችሁ የምታጡት ኢምንት ነው፤ አቻ ብትወጡ ግን ታተርፋላችሁ። የሚያንሳችሁ ቢያሸንፋችሁ ነው ጉዱ። እንግዲህ ሂሳቡ ራሱ "ከሚበልጣችሁ ጋር ግጠሙ" እያለ ነው። እኛ ግን ሂሳቡን ትተን ስሜታችንን እንከተላለን።

በቀድሞው ቀመር የወዳጅነት ጨዋታ አማካይ ነጥብን ወደ ታች የሚጎትትበት ጊዜ ነበር። ፖላንድ ይህን አስልታ፣ የ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ባሉት ወራት የወዳጅነት ጨዋታ ሸሸች። ተሳካላትና ከጠንካሮቹ ቋት ገባች። ሩሲያ ላይ ግን ከምድቧ የመጨረሻ ሆና ተመለሰች። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አለመጫወትም ቢሆን በዕቅድ ነው። ሁለተኛ፣ በወረቀት የመጣ ደረጃ ሜዳ ላይ ጎል አያገባም።

የጎረቤትን እንይ። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ፊፋ የተለያየ አህጉር ቡድኖች እርስ በርስ እንዲገናኙ አዲስ የወዳጅነት ውድድር ሲጀምር ታንዛኒያ ባኩ ድረስ ሄዳ ከቡልጋሪያና ከሞንጎሊያ ጋር ተጫውታለች። አንዱ ጠንካራ፣ ሌላው ደካማ፤ ሁለቱም ከለመደችው የአፍሪካ አጨዋወት የተለዩ ናቸው። በዚያው ዓመት እኛም ከነበርንበት ምድብ አልፋ ሞሮኮ ላይ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ በቃች። እኛ የምድቡ መጨረሻ ነበርን። ባኩ ላይ ስለተጫወተች ነው ያለፈችው አልልም። ቀጠሮ የሚይዝ ቢሮ ያለው አገር ሌላውንም ሥራ እንደሚሠራ ግን አምናለሁ።

የእኛስ ቡድን አይሄድም ወይ? ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አሜሪካ ተጉዞ ቨርጂኒያ ላይ ከጉያና ጋር ተጫውቷል። በ2017 ዓ.ም. ክረምትም ዋሽንግተን ላይ የዲሲ ዩናይትድን ክለብ ገጥሟል። በዚያ አገር የሚኖረው ወገናችን ባንዲራውን ለብሶ፣ ልጆቹን ይዞ ስታዲየም ሲገባ ማየት ደስ ይላል። ይህን የሚነቅፍ ሰው ናፍቆት ምን እንደሆነ አያውቅም። ነገር ግን ነገሩን በስሙ እንጥራው። ይህ ዘመድ ጥየቃ ነው። ከክለብ ጋር የሚደረገው ለፊፋ ሂሳብ አይገባም፤ በሐምሌ መጨረሻ የሚደረገውም ከፊፋ ቀናት ውጭ ነው። ዘመድ ጥየቃ የተከበረ ባህላችን ነው። ክፋቱ፣ ከጥየቃ የተመለሰ ሰው "ሥራ ላይ ነበርኩ" ሲል ነው።

ለፌዴሬሽኑም ፍርድ አይጓደል። ባህር ዳር ስታዲየም በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በካፍ ከታገደ በኋላ ቡድናችን ለዓመታት የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር አድርጓል። ጋናን በጆሃንስበርግ፣ ግብፅን በሊሎንግዌ ነው ያስተናገደው። ቤት የሌለው ሰው እንግዳ አይጠራም። የአውሮፓ አገሮች ከ2018 ጀምሮ የራሳቸውን የኔሽንስ ሊግ ስለጀመሩ ባዶ ቀን የላቸውም። ገንዘብም ያስፈልጋል፤ ታላላቆቹ ቡድኖች ለመምጣትም ሆነ ለመቀበል ክፍያ ይጠይቃሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ገንዘብ የሌለው ሰው ነው ይበልጥ ቀድሞ ማቀድ ያለበት። በዋዜማው የሚገዛ ዕቃ ውድ መሆኑን ከጭድ ተራ ሰው በላይ ማን ያውቃል?

ደግሞ ስንፈልግ እንችላለን። በ2014 ዓ.ም. ለአፍሪካ ዋንጫ ቡድናችን ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ካሜሩን ገብቶ፣ እዚያው ከሱዳን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አድርጓል። ደግ ነው። ነገር ግን ዋናው ውድድር መጣና በአዘጋጇ ካሜሩን ላይ ገና በአራተኛው ደቂቃ ጎል አገባን። ከዚያ አራት ገባብን። አራት ለአንድ! ባለሜዳን፣ ያውም ትልቅ ቡድንን፣ በደጋፊው ፊት እየመሩ መቆየት በልምምድ ሜዳ የሚገኝ ትምህርት አይደለም። አንድ የወዳጅነት ጨዋታም አይበቃውም። ደጋግሞ ሰው አገር ሄዶ፣ ደጋግሞ ተመትቶ የሚለመድ ነው።

የቢሮ ሥራ ሜዳ ላይ አይታይም ለሚል ሰው አንድ ማስታወሻ ልጨምር። በ2005 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ ካሸነፍን በኋላ ሦስቱን ነጥብ ተነጠቅን። ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች ተሰልፎ ነበርና። እነዚያ ልጆች ምድባቸውን አልፈው እስከ መጨረሻው በር ደረሱ፤ የተነጠቁትን ነጥብ የጣለው ግን የእነሱ እግር አልነበረም። አንድ ደብተር ቢገለጥ ይተርፍ ነበር።

የሚገርመኝ፣ ታሪካችን ራሱ ሌላ ነገር ነው የሚናገረው። ብሔራዊ ቡድናችን እ.ኤ.አ. በ1947 "ሀ" ብሎ የጀመረው ከዛሬዋ ጅቡቲ ጋር ባደረገው የወዳጅነት ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ግብፅ አራት ለዜሮ አሸነፈችን። በ1959 ሄድን፤ አሁንም ግብፅ፣ አሁንም አራት ለዜሮ። "እነዚህን ሰዎች አንገጥምም" ያለ አልነበረም። በ1962፣ በእኛ አቆጣጠር በጥር 1954፣ አዲስ አበባ ላይ ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል የሆነበት ቡድን ያንኑ ተጋጣሚ በፍጻሜው አራት ለሁለት አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። ያለን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ እሱ ነው። የመጣውም ከሚበልጠን ቡድን ፊት ደጋግመን በመቆማችን ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ነገሩ የኳስ ብቻ እንዳልሆነ ሳትረዱት አልቀራችሁም። እኛ ሰዎች በትንሹ መፈተን ያሳፍረናል። መንገድ እንመርቃለን፤ በማግስቱ ለውኃ ቱቦ እንቆፍረዋለን። ልጃችንን ቤት ውስጥ ጠይቀን ሳናውቅ የፈተናው ዕለት ሻማ እናበራለታለን። የጻፍነውን ለወዳጅ አሳይተን "እዚህ ጋ ተሳስተሃል" ከመባል ታትሞ በአደባባይ ብንሰደብ እንመርጣለን። "የወዳጅነት ጨዋታ" ያለው ሰው እኮ ስሙን አሳምሮ ነው ያወጣው። ወዳጅ ማለት ጉድለትህን በጓዳ የሚነግርህ ነው። ጠላት በአደባባይ ነው የሚነግርህ፤ ያውም በነጥብ።

ፌዴሬሽኑ ዓመቱ ሲጀመር አንድ ገጽ ወረቀት ያውጣልን። በየትኛው ቀን፣ ከማን ጋር፣ ምን ለመፈተን እንደምንጫወት ይጻፍበት። ከጨዋታው በኋላም አሰልጣኙ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ያየውን ጉድለት ይንገረን። እኛም ሦስት ለዜሮ ተሸንፎ ሲመጣ ዱላችንን አስቀምጠን "ምን አየህ?" እንበለው። ይህን ጥያቄ ከጭድ ተራ በረንዳ የሰማሁ ዕለት፣ ዋንጫው ባይመጣም፣ ቡድን መሥራት እንደ ጀመርን አውቃለሁ።