በመናገሻ አካባቢ ስለሚሠራው የግቢ ንጣፍ ድንጋይ መጋጠሚያ የቀረበ ሂስ

ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጀርመኖች የቴክኒክ ርዳታ በከተሞቻችን የተስፋፋው የኮብልስቶን ንጣፍ ከመንገድ አልፎ ወደ መኖሪያ ግቢና ወደ ላባጆ ገብቷል። በቀድሞው የመናገሻ አውራጃ፣ ይኸውም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ይህን ሥራ ስንመለከት አንድ ነገር አስገርሞናል። ስለ ድንጋዩ ጥራት ብዙ ይነገራል፤ በድንጋዮቹ መካከል ስለሚገባው ነገር ግን የሚጠይቅ የለም። ቀድሞ የሚበላሸው ደግሞ ድንጋዩ ሳይሆን መጋጠሚያው ነው።

የተለመደው አሠራር ድንጋዩን በአሸዋ ላይ ደርድሮ ክፍተቱንም በአሸዋ መሙላት ነው። ለእግረኛና ለመኪና ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ከሥር ያለው አፈር ሲንቀሳቀስ ንጣፉ አብሮ ይንቀሳቀሳልና። የግፊት ማጠቢያ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የቧንቧ ውሃ ግፊት ጥቂት ባር ሲሆን የማጠቢያው ከ100 ባር ሊበልጥ ይችላል፤ አሸዋውን ጠርጎ ያወጣዋል።

መድኃኒት ተብሎ የሚደረገው ቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ከላይ ማፍሰስ ነው። ይህን አጥብቀን እንነቅፋለን። ቅርፊቱ ከሥሩ ካለው አሸዋ ጋር አይያያዝም፤ መረሬ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፤ የማጠቢያውም ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ይልጠዋል። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ከቀድሞው የባሰ ግቢ ያገኛል።

የጎንደርን ቤተ መንግሥት ጠቅሰው ኖራ ይበቃል የሚሉ ጓደኞች አሉን። የፋሲል ግንብ በኖራ መሠራቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ኖራ የሚጠነክረው በዝግታ ነው፣ ግድግዳም በየዕለቱ በማሽን ውሃ አይገረፍም። ከውጭ የሚመጣው ማጣበቂያ የተቀላቀለበት አሸዋም ለመጠንከር መድረቅ ይሻል፤ በሱሉልታ ክረምት ይህን የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥቱ የሚደነቅ ነው።

በእኛ አስተያየት ቦታው ላባጆ ከሆነ ሥሩ ኮንክሪት ይሁን። መጋጠሚያውም አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ጋር ተቦክቶ እስከ ታች ይጠቅጠቅ፤ እስኪጠነክርም በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ለመኖሪያ ግቢ ግን ከድንጋይ ወፍጮ የሚወጣው ደቃቅ ጠጠር፣ ጠርዙ ስለት ያለውና እርስ በርሱ የሚያያዝ ስለሆነ፣ ከድቡልቡል የወንዝ አሸዋ ይሻላል፤ የጎደለውን በየዓመቱ መሙላት ቀላል ነው። የሚያጥበው ሰው አፈሙዙን ሁለት ስንዝር ያህል አርቆና አዘንብሎ ይያዝ፤ በመጋጠሚያው መስመር ላይ ቀጥ አድርጎ አይተኩሰው። ከንጣፊው ማኅበር ጋር በሚፈረመው ውልም የመጋጠሚያው ዓይነትና ጥልቀት ከድንጋዩ ዋጋ አጠገብ ይጻፍ።