ሙሾ ያልወረደለት ወታደር

የጦር ሜዳ ድርሰቶቻችንን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። የሞተው የማን ልጅ ነው? የክፍለ ጦሩን ስም፣ የተራራውን ቁጥር፣ የአዛዡን ማዕረግ እንማራለን። ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ተነሥቶ ስለ ሄደው የሃያ ዓመት ጎልማሳ ግን፣ የቤቱ ስንተኛ ልጅ እንደ ነበር፣ በሬውን ከማን በሬ ጋር ያቀናጅ እንደ ነበር የሚነግረን መጽሐፍ ጥቂት ነው። ይህን አበጥሮ የሚያውቀው ሙሾ ነው። ሙሾን ግን ከሥነ ጽሑፍ የሚቆጥረው ሰው እምብዛም የለም።

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ መንዝን በሰፊው ጽፎታል፤ የመንዝ ሰው ለጀግንነት ያለውንም ክብር አሳይቷል። እውነት ነው፣ ፉከራው አለ። ነገር ግን ፉከራ ወንዱ ሳይዘምት ስለ ራሱ የሚናገረው ነው። ሙሾ ደግሞ ሳይመለስ ሲቀር ሌላው ስለ እርሱ የሚናገረው ነው። በየዘመኑ ሬዲዮናችን ፉከራውንና ቀረርቶውን ወስዶ ሙሾውን ለባላገር ትቶለታል።

አስለቃሽዋ ግጥም ከመደርደሯ በፊት ትጠይቃለች። ታጭቶ ነበር ወይ? አባቱ በሕይወት አለ? ታናሾቹ ስንት ናቸው? ከዚያ በኋላ ነው ሟቹን በቤቱ ዕቃ የምታነሣው፤ በበርኖሱ፣ በጅራፉ፣ ባላጨደው ገብስ። አስከሬን ከሌለ ልብሱና ፎቶግራፉ መካከል ላይ ይቀመጣል፤ ለቅሶውም ለእርሱ ይሆናል። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በመንዝ ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ስለ ነበር፣ ያለ ልጅ የሞተ ጎልማሳ ከሐረጉ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ነበር። ሙሾው ይህንንም ይቆጥራል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ስለ ተራ ወታደር ከዚህ የተሻለ የሕይወት ታሪክ አልተጻፈም።

በዚህ ሚዛን በዓሉ ግርማን ላስቀምጠው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ የቀይ ኮከብን ዘመቻ ከውስጥ ያየና ዋጋ የተከፈለበት ስለ ሆነ ማቃለል አልፈልግም። የናቅፋው ውጊያም አንባቢን ያንቀጠቅጣል። ሆኖም ዓይኑ የጋዜጠኛው የፀጋዬ ዓይን ነው፤ ከአስመራ ሆቴልና ከስብሰባ አዳራሽ ወደ ምሽጉ የሚመለከት። መጽሐፉን ስንዘጋ የምናለቅሰው ለፊያሜታ ነው። ተራራው ላይ ለቀሩት የምናዝነው በጅምላ ነው፤ በጅምላ ደግሞ ሙሾ አይወርድም።

በኋላ የመጡት የባለ ሥልጣናት መጻሕፍት የባሱ ናቸው። የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን» በ2004፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» በ2006 ወጡ። ሁለቱም ለታሪክ ያስፈልጉናል። ግን በ1969 ከታጠቅ ጦር ሰፈር የወጣው ሚሊሺያ አብዛኛው ገበሬ ነበር፤ በ1975 የታወጀው ብሔራዊ ውትድርናም ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ነበር የሚጠራው። ያዘዘው ጻፈ፤ የታዘዘው እናት ግን ማንበብም አትችል ይሆናል።

ጥፋቱ የደራሲ ብቻ ነው አልልም። ሙሾ ያለ መርዶ አይጀመርም። መርዶ ደግሞ ሥርዓት አለው፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ገብቶ ይነገራል። ኮሪያ ዘምተው ለሞቱት የቃኘው ወታደሮች በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ መታሰቢያ አላቸው፤ ቁጥራቸውም ይታወቃል። ከ1990 እስከ 1992 በተካሄደው የባድመ ጦርነት ግን፣ ኤርትራ በ1993 ዓ.ም. 19,000 ያህል ተዋጊ እንደ ሞተባት በይፋ ስትናገር፣ በእኛ በኩል እንዲህ ያለ ቁጥር አልተነገረም። ቁጥሩ ካልተነገረ ስሙ እንዴት ሊነገር ነው? ልጇ ይመጣል ብላ በር በሩን ለምታይ እናት አስለቃሽ አይጠራላትም። ትጠራ ብትባል እንኳ እሺ አትልም፤ በቁሙ ማልቀስ ሟርት ነውና። ኋላ ቆርጣ ብትነሣስ፣ አርባውን ከየትኛው ቀን ልትቆጥር ነው?