የፊታውራሪ መሸሻ ሥልጣን ከየት መጣ?

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን ስለ ዘሩና ስለ ቅባቱ ቅዱስ ሲል ደነገገ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያንኑ የትውልድ ሥልጣን ከዙፋን አውርዶ በጎጃም ባላባት አዳራሽ ይመረምረዋል። ፊታውራሪ መሸሻ በአጥንታቸው የሚገዙ ይመስላቸዋል፤ ገባሮቹ በአበጀ በለው መሪነት ከልማድ በላይ የተጠየቁትን አንሰጥም ባሉ ጊዜ ግን ዘምተው ተማረኩ። ለካ ሥልጣናቸው የቆመው በገባሩ እሺታ ላይ ኖሯል! ጉዱ ካሳ የሥርዓቱን ብልሽት በረጅም ንግግር ያስረዳል፤ ንግግሩ ብርቱ ነው፣ ይህ ትዕይንት ግን ያለ ንግግር ይበልጠዋል። ቅር የሚያሰኘው ሌላ ነው፤ ባላባቱን የማረከ ገበሬ በማግስቱ በማንና በምን ሕግ ሊተዳደር እንደሚገባው ልቦለዱ ብዙም አልገፋበትም።