«የሣር ዓይነት» ፍች ይባላልን?

በየመዝገበ ቃላቱ ከምናገኛቸው ፍቾች መካከል «የሣር ዓይነት»፣ «የዛፍ ዓይነት»፣ «የአውሬ ስም» የሚሉት ተደጋግመው ይታያሉ። እነዚህ ሐረጎች ስሕተት አይደሉም፤ ነገር ግን ቃሉን ለማያውቅ አንባቢ አያሳውቁም፤ ለሚያውቀውም የሚጨምሩለት ነገር የለም። በድርሰት ትምህርት ኃይለ ቃል ብቻውን አንቀጽ እንደማይሆን፣ መዘርዝር ዓረፍተ ነገሮች ሊደግፉት እንደሚገባ ለተማሪ ይነገራል። ይኸው ሕግ በመዝገበ ቃላት አዘጋጅና በተርጓሚ ዘንድ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጉድለቱ ይበልጥ የሚታየው ሩቅ አገር በሚገኙ ነገሮች ስም ላይ ስለ ሆነ፣ ምሳሌዎቻችንን ከመካነ ሰላም ዙሪያ፣ ከዓባይና ከበሽሎ ሸለቆዎች በላይ ከተዘረጋው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ እንወስዳለን።

«ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ?» የሚለው አነጋገር ጅብራ በማይበቅልበት ከተማ ሁሉ ይነገራል። ጅብራን «የደጋ ተክል» ብሎ የሚያልፍ ፍች ግን አነጋገሩን አይፈታውም። ጅብራ ከሎቤሊያ ወገን የሆነ፣ በከፍተኛ ደጋ የሚበቅል ተክል ነው። ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ዘርግቶ ይቆይና አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ያን ጊዜ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቀጥ ያለ የአበባ ምሰሶ ያወጣል፤ ከዚያም ይሞታል። ደረቁ ግንድ ግን ዛፍ በሌለበት መስክ ላይ እንደ ቆመ ይታያል። እነዚህ ጥቂት ዝርዝሮች ሲጨመሩ ተገትሮ የቀረው ሰው ከጅብራ ጋር ለምን እንደ ተመሳሰለ ወዲያው ይገባል። ተርጓሚውም «እንደ ዛፍ ቆመ» ብሎ የአነጋገሩን ለዛ ከመግደል ይድናል።

ጓሳም እንዲሁ ነው። «የሣር ዓይነት» ከማለት ይልቅ «ከአንድ ሥር ተጠቅጥቆ የሚወጣ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያገለግል የከፍተኛ ደጋ ረዥም ሣር» ብንል በሁለት መስመር መልኩም ጥቅሙም አገሩም ይታወቃል። አንባቢም ጓሳን ከሰንበሌጥ ለይቶ ያየዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ደጋፊ ዝርዝር ጌጥ አለመሆኑን ነው። «ውብ»፣ «ማራኪ»፣ «አስደናቂ» የሚሉት ቅጽሎች ለጓሳም ለጽጌረዳም ይስማማሉ፤ ለሁሉ የሚስማማ ቃል ደግሞ ማንንም አይለይም። «መካነ ሰላም ማራኪ የተፈጥሮ ሀብት ያላት አካባቢ ናት» ብሎ የሚጽፍ ሰው የከተማይቱን ስም በሌላ ቢለውጠው ዓረፍተ ነገሩ ምንም አይጎድልበትም። ጉድለቱም ይኸው ነው።

ዝርዝር መጨመር ብቻውንም አይበቃም፤ መመርመር አለበት። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ «መልኩ ቀይ የሆነ የቀበሮ ዓይነት» ብለን ብንፈታ፣ ስሙን ደገምን እንጂ እንስሳውን አልገለጽንም። በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ውርስ ጥናት እንስሳው ይበልጥ ለተኩላ የሚቀርብ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ የሕዝቡን ስም ሳንነካ፣ አይጥና ፍልፈል እያደነ በከፍተኛ ደጋ የሚኖር፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ የዱር እንስሳ መሆኑን መጻፍ ይገባናል። የቀረው ቁጥር ከ500 በላይ እንደማይሆን መግለጽ ለመጽሔት ጽሑፍ ኃይል ይሰጣል፤ ለመዝገበ ቃላት ግን ቁጥሩ የሚለዋወጥ ስለ ሆነ አይመችም። አንዱ ዝርዝር በአንዱ ቦታ ብርሃን፣ በሌላው ሸክም ይሆናል።

የምሳሌ ዓረፍተ ነገርም ከደጋፊ ዝርዝር ይቆጠራል። ውርጭ የአመዳይ ብርድም ነው፤ ከደጋ በላይ ያለው ምድርም በዚሁ ስም ይጠራል። «ሌሊት ገብሱን ውርጭ መታው» እና «ከደጋው አልፈን ውርጭ ገባን» የሚሉ ሁለት ምሳሌዎች ከረዥም ሐተታ ይልቅ ልዩነቱን ያሳያሉ፤ ውርጭ «እንደሚመታ» ማለትም ቃሉ የሚወደውን ግሥ ጭምር ያስተምራሉ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከ110 ሺህ በላይ ጥቅሶችን ያስገባው ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ነው። ይሁን እንጂ የአጃን ፍች ሲጽፍ በእንግሊዝ ፈረስ፣ በስኮትላንድ ሰው የሚመገበው እህል መሆኑን በሽሙጥ አስገብቷል። ዝርዝሩ አንባቢን ቢያስቅም፣ ከእህሉ ይልቅ የጸሐፊውን ስሜት ይገልጣል።

በእኛም አገር ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላታቸው ፍችን በታሪክና በባህል ማብራሪያ በማስፋት ይታወቃል። ያ ስፋት ሁሉ ዛሬ ለሚዘጋጅ አጭር መዝገበ ቃላት ላይመች ይችላል፤ መንፈሱ ግን ሊወረስ ይገባል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዝርዝር ሦስት ጥያቄ እንዲቀርብለት እናሳስባለን፦ ነገሩን ከመሰሎቹ ይለያልን? እውነትነቱ ተረጋግጧልን? ለተጻፈበት ቦታ ይስማማልን? በሦስቱም ያለፈ ይግባ፤ የወደቀ ይቅር። አለዚያ ጅብራን ወይም ጓሳን ሳያይ የሚያድገው የከተማ ልጅ መዝገበ ቃላቱን ሲገልጥ የሚያገኘው «የተክል ስም» ብቻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቃሉ በመዝገብ ሰፍሮ ሳለ ትርጉሙ ይጠፋል።